ሁለት ሰው የሚያነሣው የዶሮ ቤት

ነቀምቴ፣ ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለአክስቴ ልጅ፣
አኖ ከተማ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አዲስ ስላሠራሽው የዶሮ ቤት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ጉዳዩን ማስቀደሜ ሰላምታን የናቅሁ አያስመስለኝ፤ ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ አዳዳስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ክረምቱ በእናንተ በኩል እንዴት ወጣ? እኛ፣ የጌታ ስም ይመስገን፣ ከእናቴ የወገብ ሕመም በቀር ደኅና ነን። እናቴ በቋንቋችን «አካም ጅርቱ»፣ እንደምን ናችሁ፣ ብለሽ ጻፊልኝ ብላኛለች፤ እንደ ቃሏ ጽፌአለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። መምህር ጨመዳ ከቀርከሃ የሠራልሽ፣ ወለል የሌለው፣ በየማለዳው ወደ አዲስ ሣር የሚዛወር የዶሮ ቤት እንዳለሽ፣ አኖም እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ ገልጸሽልኛል። አኖ አይታ ላታውቅ ትችላለች። ነቀምቴ ግን ከግንቦት ጀምሮ በእናቴ ጓሮ አይታለች።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ሸለምጥማጥ ማድቤታችን ገብቶ ቄቦቻችንን በፈጀ ጊዜ፣ ስለ ዶሮ እርባታ የሚያስተምር መጽሐፍ ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተውሼ አነበብሁ፤ ንድፉንም በራሴ እጅ አወጣሁ። መምህር ጨመዳ ያን ጊዜ በትምህርት ቤታችን የእንጨት ሥራ ያስተምር ስለ ነበር፣ ቀርከሃውን ሰንጥቆ፣ ጣራውን ቆርቆሮ አልብሶ ሠራው። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ያለው ቤት በአንድ ወገን ሁለት መንኮራኩሮች ስላሉት አንድ ሰው ብቻውን እየገፋ ያዛውረዋል። ጨመዳም መንኮራኩሮቹን ከዋንዛ ጠርቦ አምጥቶ ነበር። እኔ ግን «በእኛ ጭቃ ላይ ይሰምጣል» ብዬ ተከራከርሁና አስቀረኋቸው። በምትካቸው እንደ ቃሬዛ ከፊትና ከኋላ መሸከሚያ እንዲወጣለት አደረግሁ። ስለዚህ ሁለት ሰው ካላነሣው አይነሣም።

ሁለተኛው ሰው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ብዙ አላከራከረም። እናቴ ወገቧን ያማታል፤ ጨመዳ ደግሞ ወደ ሥራ ሲሄድ በደጃችን ያልፋል። ያላገባ ወንድ ያለ ጉዳይ ልጃገረድ ያለችበት ግቢ አይገባም፤ የዶሮ ቤት ማንሣት ግን ጉዳይ ነው። እናቴ ይህን አመዛዝና ይግባ አለች። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ስንሄድ ዶሮዎቹ ከውስጥ በእግራቸው ይከተሉን ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰፋች፣ የሸዋ ሰው ናቸው፣ ምላሳቸውን ታውቂዋለሽ፣ ከአጥሩ ማዶ ብቅ እያሉ «ኧረ በማለዳው የማን አስከሬን ነው?» ይሉናል። ቆይተውም ነገሩን ወደ እኔ አዞሩት፤ ዶሮዎቹ በየቀኑ ቤት ሲለቁ አንቺ መቼ ነው የምትለቂው ብለው ጠየቁኝ። ጨመዳ ይህን ሲሰማ የኋሊት እየተራመደ ነበርና የእናቴ ጎመን መደብ ላይ ቁጭ አለ። የኋሊት መራመድ ልማዱ ነበር፤ ከፊት ሆኖ ሲሸከም ፊቱን ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ኋለኛው ተሸካሚ ያዞራል። መንገዱን ቢያይ እንደሚሻለው ብነግረው፣ መንገዱን አንቺ ታዪልኛለሽ አለኝ።

በመስከረም ወደ አኖ ሲዛወር፣ በዚያ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ለአዳዳ ጽፌ የጓሮውን ክፍል ያሰጠሁት እኔው ነኝ። እንግዳን መቀበል ተገቢ ነውና በዚህ አልጸጸትም። ነገር ግን እዚያው ግቢያችሁ የሚያድር ሰው፣ በማለዳ አንቺን ለማየት የዶሮ ቤት ምን ያደርግለታል? መንኮራኩር እንዲገጥምልሽ ብትጠይቂው «በእኛ ጭቃ ላይ ይሰምጣል» ብሎ እንደ መለሰልሽ፣ አነጋገሩም እንዳሳቀሽ ጽፈሻል። ያ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው። ቃል በቃል የእኔ ነው። ደግሞም የእናንተ ግቢ ጠጠር እንደ ሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

«እንደ ሙሽራ ተሸክመነው እንዞራለን» ያልሽውንም አንብቤአለሁ። ሙሽራ የምትሄደው በበቅሎ ነው፤ በቃሬዛ አይደለም። ምሳሌ ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ቅናት ይዟት ነው እንዳትዪኝ እለምንሻለሁ። አይደለም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ደግሞ ሐሰት መጻፍ አልወድም፤ ስለዚህ ነገሩን እዚህ ላይ እተወዋለሁ። የቀርከሃውን ውፍረት፣ የቆርቆሮውን ክዳን፣ የአዳዳን ሳቅ ሳይቀር ጽፈሽልኛል። ፊቱን ወደ የት አዙሮ እንደሚሸከም ግን አልጻፍሽልኝም።

የእኛ የዶሮ ቤት እርሱ ከሄደ ወዲህ ካለበት አልተነሣም። ከሥሩ ሣር የሚባል አልቀረም። ዶሮዎቹ አፈሩን ጭረው ጨርሰው፣ በቀርከሃው መሐል አንገታቸውን እያወጡ ማዶ ያለውን ለምለም ያያሉ። ወይዘሮ አሰፋች አዝነውልኝ፣ ባሌን ልላክልሽና አብሮሽ ያንሣ ቢሉኝ አመስግኜ እምቢ አልሁ። እናቴ ምነው ብላ ጠየቀችኝ። ለዶሮዎቹ ጎመን ልቆርጥ ወደ መደቡ ሄድሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር፣ በእናንተ በኩል አልፎ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ረዳት እጅ፣ ሁለቱን የዋንዛ መንኮራኩሮች ልኬልሻለሁ። እስከ ዛሬ በአልጋዬ ሥር ነበሩ። ለመምህር ጨመዳ ስጪውና በዶሮ ቤትሽ ላይ ይግጠምልሽ። ከዚያ በኋላ ብቻሽን ልትገፊው ስለምትችዪ የማንም እርዳታ አያሻሽም። ሲያያቸው ያውቃቸዋል። ስለ ምን እንደ ላክኋቸው ቢጠይቅሽ፣ ነቀምቴ ጭቃው ደርቋል፣ የዶሮ ቤቱ ግን አሁንም ሁለት ሰው ይፈልጋል በይው።

ጌታ አዳዳን በጤና ያቁምልን፤ አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ፤ ዶሮዎችሽንም ያርባልሽ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ሥራው እስከ ጥቅምት ፳፪ ቀን እንዲያልቅ አደራ እልሻለሁ። በማግሥቱ የዘውድ በዓል ስለ ሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የማለዳው አውቶቡስም ከአኖ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ነቀምቴ ይገባል። በዚያ ማለዳ በእናንተ ጓሮ የሚነሣ ነገር እንዳይኖር፤ ጥቅምት ፳፪፣ ከዚያ አይለፍ።

የአጎትሽ ልጅ