የግራ እጅህ ስፌት

አባዬ፣

በሞት ከተለየኸኝ ስምንት ወር አለፈ። የስፌት መኪናህ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው ሱቃችን ውስጥ፣ አንተ ያስቀመጥክበት በሩ ጋ ናት። ጎረቤቶቻችን ትልልቆቹ ደንበኞችህ ተመልሰው እንደሆነ ይጠይቁኛል። አልተመለሱም። እኔም መጠበቁን ትቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ፍርዱን ልነግርህ ነው። ያ ሚስቱን ገደለ ተብሎ ከተማው ሁሉ ያወራበት ባለሀብት ደንበኛህ ባለፈው ሳምንት ጥፋተኛ ተባለ።

መርማሪው ደም የነካውን ኮት ይዞብን የመጣ ዕለት ትዝ ይልሃል? ሰውየው የኔ አይደለም ብሎ ክዷል። አንተ እጅጌውን ገልብጠህ በጣትህ ዳበስክና ስፌትህን አወቅከው። ያሳጠርከው አንተ ነበርክ። ግራኝ ስለሆንክ በእጅህ የቀመቀምከው ክር ሁሌም ከሌላ ልብስ ሰፊ ክር በተቃራኒ ያጋድላል።

ልከለክልህ የሞከርኩት እኔ ነኝ። የሀብታም ነገር ምን አገባን፣ ዓይኔ ደክሟል በላቸው ብዬ ለመንኩህ። መነጽርህን አውልቀህ «ልጄ፣ እጄ የሠራውን አፌ አይክደውም» አልከኝ። ተናደድኩብህ። የመሰከርክ ዕለት ልደታ ፍርድ ቤት ድረስ ብቻህን በታክሲ ሄድክ፤ እኔ ሱቅ የሚጠብቅ የለም ብዬ ቀረሁ። ሰበብ ነበር አባዬ፣ ያን ቀን አንድም ሰው አልመጣም፤ ትልልቆቹ ደንበኞችህም ከዚያ ወዲህ ቀሩ። የተከሳሹ ጠበቃ በሽማግሌ ዓይን አይታመንም ሲል፣ ዓይንህን ጨፍነህ ስፌቱን በጣትህ እንዳገኘኸው የሰማሁት ከሰው ነው።

ለፍርዱ ግን ሄድኩ። ችሎቱ በሽቶ ታውዷል፤ የሁለቱም ወገን ዘመዶች ጥቁር መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የተከሳሹ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳያቸው ግን ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው ምን አጠፉ?

ዳኛው የምስክሮቹን ቃል ሲያነቡ ስምህን ጠሩ። ሳላስበው ብድግ አልኩ። ፖሊሱ ቁጭ በይ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ቃልህ ተነቦ እስኪያልቅ አልተቀመጥኩም።

ስወጣ ልደታ ማርያም ገባሁና አለቀስኩ። ብቻህን መላኬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ይቅር በለኝ። እኔ እንዳንተ ግራኝ አይደለሁም፣ ስፌትህ ካንተ ጋር ሄዷል። ስምህ በተነሳበት ሁሉ ግን፣ ማንም ቁጭ በይ ቢለኝ፣ ልጁ ነኝ ብዬ እቆማለሁ።

ያንተው ብርቄ