ቆጠራው ገና አልተጀመረም

ልጄ፣ ያለህበት አገር ይመችህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ተሽሏት ደረጃ መውጣት ጀምራለች። የኩሽናው ጣሪያ ግን እንደገና ያፈሳል።

ትናንት ከእህትህ ጋር ባንክ ሄድን። ሁለተኛ የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ልትበደር፣ እኔም ዋስ ልሆናት ነበር። የብድር ሠራተኛዋ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዋስ መሆን አይችሉም። ለካሜራ መግዣ ሲበደር ዋስ የሆኑለት ልጅዎ ሦስት ዓመት ሙሉ አልከፈለም።"

"ይህ ነገር መዝገብ ላይ ስንት ዓመት ይቆያል?" አልኳት።

"ከተከፈለ በኋላ አምስት ዓመት። ካልተከፈለማ ቆጠራውም አይጀምርም።"

ቤት ስንመለስ ለአጎትህ ነገርኩት። ሳቀ። "አይ አንተ! ስልክህን ቀይረህ አምስት ዓመት ዝም በል፣ ይፋቅልሃል ብዬ ልጅህን የመከርኩት እኔ ነኝ እኮ። ባንክ ምን ይጎዳል?"

እሱስ ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነው። አንተ ግን አባትህን አስይዘህ ተደብቀህ ቀን ትቆጥራለህ! እህትህ አልተቆጣችም። "እንግዲህ በአንዷ እሠራለሁ" ብላ ለሁለተኛዋ የለካችውን ቦታ በጨርቅ ጥቅል ሞላችው።

ባንኩ ጋ ደውልና ከዚህ ወር ጀምረህ የአቅምህን ክፈል። እህትህንም ራስህ አናግራት፤ እኔ ባንተ ፈንታ ማፈር ሰልችቶኛል።

ስምህ በተጠራበት ሁሉ ቀና ብለህ "አቤት" የምትል ያድርግህ።

አባትህ