ተራ ቁጥር ሰባት

ሰኔ 18 ቀን 1963

ዝናብ። ከአሚኔ ጋር ቃጫ ስንገምድ ዋልን። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሷ ሌላውን። የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ አይሰማም፣ እጇ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። የምንነጋገረው በገመዱ ነው። አንዴ ስስብ ነይ። ሁለቴ ስስብ ቁሚ። ሶስቴ ስስብ እንግዳ መጣ፣ ንፍጥሽን ጥረጊ።

ልጄ ሀቢቡ፣ አባቷ፣ ዛሬም ያንኑ አነሳ። እናቷ ከሞተች ወዲህ አፉ ላይ ያለው የአክስቷ አገር ቆሼ ብቻ ነው። እዚያ ያሉት አክስቷ ወስደው ማሽላ ማሳ ላይ ወፍ ያስጠብቋት።

"ወፍ የሚጠበቅ በጩኸት ነው፤ ዱዳ ልጅ ምን ብላ ታባርር?"

"ድንጋይ ትወርውራ፣ እማ።"

"ትምህርት ቤትስ?"

"ደንቆሮ ማን ይመዘግባል?"

ደንቆሮ ሁለት ዓይነት ነው አልኩት። አንዱ ጆሮ የለውም። ሌላው ጆሮ አለው፣ ግን እናቱ ስታወራ ጫማውን ያያል። ጫማውን እያየ ወጣ።

ሰኔ 24

መምህር ፈቃደ ወረቀት ይዞ መጣ። ጎጃሜ ነው፤ ደግ ነው፣ ማኅተም ያለበት ነገር ሲያይ ግን ይንበረከካል። ተማሪው ለክረምት ተበትኗል፣ እሱ አገሩ መግባት ሲገባው ይሄ ወረቀት ያዘው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከፈረንጅ ቋንቋ የተመለሰ። "ልዩ እርዳታ ለሚሹ ሕፃናት በየወቅቱ የሚሠሩ ሥራዎች።" ስድስት ተራ ቁጥር አለው። ሐምሌ ላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሥራውን ሠርተው ያሳዩ ልጆች መስከረም ላይ ይመዘገባሉ።

ፊደል መቁጠሬን አያውቅም። አንብብልኝ አልኩት።

"ተራ ቁጥር አንድ። በክረምት ልጆቹ ከቤት ወጥተው ከበረዶ ሰው ይሥሩ።"

ከምን?

"ተራ ቁጥር ሁለት። በበጋ በወንዝ ይዋኙ።"

በበጋ? በበጋ እኮ ወንዛችን ራሱ ውሃ ይለምናል!

"ተራ ቁጥር ሦስት። በመኸር የረገፈ ቅጠል ይልቀሙ።"

እንሰት ቅጠሉ መቼ ይረግፋል? በዚህ አገር የሚረግፍ የኔ ጥርስ ብቻ ነው።

"እማማ ዘይባ፣ የተጻፈው እንደዚህ ነው።"

የጻፈው ሰው አገር ክረምቱ ሌላ ይሆናል አልኩ። ማኅተሙን አሳየኝ።

ሀቢቡን አስማልኩት። ከተመዘገበች ትቀራለች። ካልተመዘገበች ቆሼ።

ሐምሌ 2

በረዶ የለም።

ሐምሌ 5

መምህሩ ወረቀቱ የሚመለከታቸውን አራት ልጆች በየጠዋቱ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ያሰልፋል። ሰማይ ያያሉ። ከአራቱ አንዷ ሳሌሃ ናት፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዓይኗ አያይም። እሷም ሰማይ እንድታይ ቀና አድርጓታል!

"እማማ፣ እዚህ አገር በረዶ መቼ ነው የሚጥለው?"

"ጠርተነው አናውቅም ልጄ። ሲመጣ ነው የምንሸሸው።"

አሚኔ ሰልፉ ሲሰለቻት ገመዷን አወጣች። አንዱን ጫፍ ለሳሌሃ ሰጠቻት። አንዴ ሳብ፣ ነይ። ሁለቴ ሳብ፣ ቁሚ። ዓይነ ስውር በገመድ መምራት ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም። ሳሌሃ ሜዳውን ሙሉ እየሳቀች ዞረች። መምህሩ ሮጦ መጣ።

"ገመድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም!"

ቀማቸው። አሚኔ ቀሚሷ ስር ሌላ እንዳላት አላወቀም... አልነገርኩትም።

ሐምሌ 13



ተቆጣጣሪው መጣ። ላንድሮቨሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሕዝቡ ሁሉ ሲገፋ ቆየ። ክራቫት አስሮ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሜዳው ላይ ቆመ። መምህሩ ገና "ተራ ቁጥር አንድ" ሲል... በረዶው ወረደ። ያ ሰው ይሠራበታል የተባለው! የሰው አናት የሚሰብር!

መጀመሪያ የሮጠው መምህሩ ነው። ቀጥሎ ተቆጣጣሪው፣ ዝርዝሩን አናቱ ላይ አድርጎ። እኔም ሮጫለሁ፣ አልዋሽም። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ስር ገብተን ዞር ስል ሳሌሃ የለችም። መሀል ሜዳ ላይ እጇን ዘርግታ ትዞራለች። ሁላችንም ጮህን። በዚህ በኩል! በዚህ በኩል! ማን ይሰማል? በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው የኔን ድምፅ እኔም አልሰማሁት። ሁላችን ደነቆርን።

ያልደነገጠችው አሚኔ ብቻ ናት። ለሷ ምኑ አዲስ ነው? ገመዷን ከቀሚሷ አውጥታ ወጣች። ጫፉን ሳሌሃ እጅ ላይ ጠመጠመችው። አንዴ ሳበች። ሳሌሃ መጣች። ውሃ የሞላ ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ሁለቴ ሳበች። ቆመች። ደግሞ አንዴ። እንዲህ እንዲህ አድርጋ አስገባቻት። ሁለቱም አናታቸው አብጧል፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

ተቆጣጣሪው መነጽሩን ጠረገ።

"ይሄ የትኛው ተራ ቁጥር ነው?"

መምህሩ ወረቀቱን አየ። ቀለሙ በውሃ ፈሷል። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ሰባት ነው ጌታው" አልኩ።

"ሰባት" ብሎ ጻፈ።

ሐምሌ 14

መምህሩ በማለዳ የቤቴን በር አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሪፖርት ላይ ሰባት ተብሏል፣ ሰባት የት አለ?

"ጻፍ" አልኩት። "ቃጫ ይግመዱ። አንዱ አንዱን ጫፍ ይያዝ። የማይሰማው ይሳብ፣ የማያየው ይከተል። ክረምትም በጋም።"

"'ይሳብ' አይባልም እማማ። 'በገመድ የምልክት ልውውጥ' ነው የሚባለው።"

ይባል። ብቻ ይሳብ።

መስከረም 24 ቀን 1964

ተመዘገቡ! አሚኔም ሳሌሃም። አልሃምዱሊላህ። ሀቢቡ ራሱ ደብተር ገዝቶ መጣ፤ ጫማውን ሳይሆን እኔን እያየ ሰጠኝ። የቆሼ ወፎች ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ኅዳር 9

አዲሱ ዝርዝር ከአዲስ አበባ ታትሞ መጣ። አንድ የበረዶ ሰው፣ ሁለት የበጋ ዋና... አንዱም አልተነካም። ከሥሩ ተራ ቁጥር ሰባት ተጨምሯል። "በውጭ አገር ሊቃውንት የተጠና" ይላል። መምህር ፈቃደ እናቶቹን ሰብስቦ አነበበልን፣ ገመድ እንዴት እንደሚያዝም አሳየን። የያዘው ገልብጦ ነው።

"ቀስ ብለህ አንብብልኝ ልጄ፣ ያልተማርኩ ነኝ" አልኩት። ጆሮው እስኪቀላ ደገመው።

ኅዳር 12

ዛሬ ቃጫውን ብቻዬን ገመድኩ። ሌላውን ጫፍ ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። ምሰሶ አይስብም፣ አይስቅም። ለትምህርት ቤቱ ስጮህ የከረምኩት ለዚህ ነበር እንዴ? እያልኩ ከገመዱ ጋር ስነጫነጭ... እጄ ላይ ሳብ አለኝ። ዞር አልኩ። አሚኔ ናት፣ ደብተሯን ብብቷ ስር ይዛ። ጫፉን ከምሰሶው ፈትታዋለች።

ሶስቴ ሳበችው።

ንፍጤን ጠረግሁ።