መሳቢያ ሙሉ ስልክ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬም ስልኮቼን ቻርጅ ሳደርግ ዋልኩ። ስልኮቼ እላለሁ... ከዘመድ አዝማድ የለቃቀምናቸው አሮጌዎች ናቸው፣ መሳቢያ ሙሉ። ልጄ የሐኪም ቀጠሮ ማስያዣ ድረ ገጽ ትሠራለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ገጹ በሁሉም ላይ በደንብ መሥራቱን ለማየት በየስልኩ እየከፈትኩ እነካካለሁ። «እማ፣ እዚህኛው ላይ ‹ቀጠሮ ያዝ› የሚለው ቁልፍ ይታያል?» «የለም፣ ተሸሽጓል!» ስንባባል ይመሻል። ከዚህ የሚጥም ሥራ አለ?

የካቲት 5፣ ረቡዕ

የልጄ ሸሪክ ባለ መነጽሯ መጣች። ስልክ በኢንተርኔት የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ አለች። ስልኩ የትና የት ሆኖ፣ በዓይነት በዓይነቱ ስልክ፣ በዓይነት በዓይነቱ የድረ ገጽ መክፈቻ፣ ብራውዘር የሚሉት። ከቤት ሆነው በኮምፒውተር ይነኩታል። ሁለቱን በነፃ ሞክረን አንዱን እንመርጣለን ተባለ።

«እሰይ!» አልኩ። ጮክ ብዬ። ከዚያ ሄጄ ሰሃን አጠብኩ... የታጠበውን። መሳቢያው ካበቃለት እኔስ? ምን ብዬ ነው አጠገቧ የምቀመጠው?

የካቲት 7፣ ዓርብ

ጉድ ሠራሁ! ልጄ «አንቺም ሞክሪው» ብላ አንዱን ስልክ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችልኝ። የእህቴን ስልክ ቁርጥ! ሰዓቱ፣ ባትሪው፣ ሁሉም አለው። እጄን ሰበሰብኩ። የሰው ስልክ አይደል? ባለቤቱ ኪሱ ውስጥ ሲበራበት ምን ይላል? ስም መጻፊያው ላይ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንዴ አይቼ እወጣለሁ፣ እንዳትደነግጥ» ብዬ ጻፍኩ።

ባለ መነጽሯ በሳቅ ሞተች። «እትዬ፣ ባለቤት የለውም እኮ! ድርጅቱ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።»

«ብቻውን?»

ባሰባት። ልጄ ግን አልሳቀችም። ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። «እማ... ቁልፉ የት ሄደ?» ረጅሙ ጽሑፌ ገፍቶ ጥሎታል!

የካቲት 10፣ ሰኞ

ያንኑ ይቅርታዬን በሌላው ድርጅት ላይም ጻፉት። እሱ ፈጣን ነው፣ ያምራል። ቁልፉ ንቅንቅ አላለም። የቱ ነው የዋሸው? ልጄ ከመሳቢያው ያንኑ ዓይነት ስልክ አወጣች። ጻፍን... ቁልፉ ጠፋ። ፈጣኑ ለካ ስልክ አስመስሎ የሚያሳይ ነው። የመጀመሪያው፣ ዘገምተኛው ግን እውነተኛ ስልክ ነው ያለው። «ዘገምተኛውን እንያዝ» አለች ባለ መነጽሯ። መሳቢያዬ ፈረደ፣ በራሱ ላይ...

የካቲት 14፣ ዓርብ

ስልኮቹን ለየባለቤቶቹ መለስኩ። መሳቢያው ውስጥ አሁን ክርና መርፌዬ ነው ያለው። ወንበሬንም ላነሳ ብድግ አልኩ። «የት ትወስጂዋለሽ?» አለች ልጄ። ስልኩ የለ፣ እኔ ምን ልሠራ? አልኳት።

«እማ፣ ለስልኩ ብዬ መሰለሽ እንዴ የማስቀምጥሽ?»

ወንበሬን ወደ ራሷ ሳበችው። አዲስ ገጽ በሠሩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጻፈው የእኔ ይቅርታ ሆኗል፣ በሁሉም ስልክ ላይ። ዛሬ ስጽፍ መጨረሻው ላይ «ደህና ዋል» ጨመርኩበት። መደርደሪያ ላይ ብቻውን ነው እኮ...