አማቴ በባዕድ ፕላኔት ላይ

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ኦሎምፒያ ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ። ቤት ስገባ ሽሮ፣ ቲቪ፣ እትዬ ጀማነሽ። በዚሁ ቅደም ተከተል።

አማቴ እኛ ጋ ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ካዛንቺስ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ለልማት ተነሣ። ምትክ የተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ከተማው ዳር ነው፤ ቁልፉ በየካቲት መጨረሻ ይሰጣል ተብሏል። እስከዚያ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሶፋው ላይ ይተኛሉ። ቲቪውን ድምፁን አጥፍተው ያያሉ። «ልጨምርልዎ?» ስላቸው «ተወው ልጄ፣ የሚሉት አይጠቅመኝም» አሉ። የዛሬው ወሬያችን በቃ ይኼ ነበር። አማትና አማች ሌላ ምን ያወራል?

ቅድስት ወደ ሆቴሏ፣ ወደ ፈረቃዋ ልትወጣ ስትል በር ላይ ያዘችኝ። «እማዬ ለዘለቄታው እኛ ጋ ብትሆንስ?» «እስቲ ላስብበት» አልኩ። አየችኝና ወጣች።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበው። እሳቸው ይኑሩ ማለት ትንሿ ክፍል ትለቀቅ ማለት ነው። ትንሿ ክፍል ደግሞ የእኔ ናት። ጠረጴዛዬ፣ ኮምፒውተሬ፣ ከቢሮ በኋላ የምተነፍስባት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ለጌም ብዬ አማቴን ሶፋ ላይ የማስተኛ ሰው ነኝ?... እስከ የካቲት ጊዜ አለ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

በሩን ሳልዘጋ ስጫወት ነበር። ጌሙ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው መንኮራኩሩ ተሰብሮ ባዶ እጁን ባዕድ ፕላኔት ላይ ይወድቃል። ብረት ይቆፍራል፣ ያቀልጣል፣ ማሽን ይሠራል፣ ማሽኑ ሌላ ማሽን ይሠራል። በመጨረሻ ሮኬት ሠርቶ ያመልጣል... ካልሞተ። የፋብሪካው ጭስ የፕላኔቷን ተናካሾች ያስቆጣል። በሬ የሚያካክሉ ጉንዳኖች ናቸው፤ መንጋ ሆነው መጥተው ያገኙትን ያፈርሳሉ። ሁለት ዓመት ሞክሬ ሮኬት አይቼ አላውቅም።

ከኋላዬ ድምፅ። «ያ ማሽን ባዶውን ነው የሚሠራው።»

እትዬ ጀማነሽ በር ላይ ቆመዋል። የትኛው? አልኩ። በጣታቸው አሳዩኝ። «ያ ሦስተኛው። መዳብ አይደርሰውም። ፊት ያሉት ሁለቱ እየበሉበት ነው።» ከዚያ ወደ ሶፋቸው ተመለሱ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ልክ ነበሩ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ወንበር ጨምሬላቸው አጠገቤ ተቀምጠው ነው የሚያዩት። ዛሬ ነገሩ ገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካልሲ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። ይኼን ቅድስት ስንቴ ነግራኛለች። ሰምቼ ነው ያልሰማሁት። ከሳቸው ጋ አራት ዓመት በዓል ስንበላ አንድም ቀን «ሥራዎ ምን ነበር?» ብዬ አልጠየቅኩም። ነውር ነው።

ተናካሾቹ ሲመጡ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«እነዚህን ምን አድርገናቸው ነው?»

«ጭሳችን ይረብሻቸዋል።»

«ቦታው የማን ነበር?»

«...የነሱ።»

«እህ» አሉ። «እንግዲያ ጥይቱን ምን ታበዛለህ? ጭሱን ቀንስ እንጂ። በፀሐይ የሚሠራ መብራት የለም?»

አለ። ቦታ ይፈጃል ብዬ ሁለት ዓመት የናቅኩት። የድንጋይ ከሰሉን ነቅዬ በፀሐይ ቀየርኩት፤ ጥቃቱ በግማሽ ቀነሰ። በግማሽ። እኔኮ ዩቲዩብ ላይ ስንት ሰዓት አፍጥጫለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ማውሱን ያዙ። መጀመሪያ ማውሱ ጠርዝ እየደረሰ ቦታ ሲያልቅባቸው ጠረጴዛውን ሊያስረዝሙ ፈለጉ። «አንስተው ይመልሱት» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቅድስት ሳቃቸውን ሰምታ ከመኝታ ቤት መጣች፣ ሁለታችንንም አይታ ተመልሳ ሄደች። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ። አሰብክበት ወይ ነው።

አላሰብኩበትም። እየተደሰትኩ ነው... ያ ሌላ ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የአሠራራቸውን ዘዴ እዚህ ላስቀምጠው፤ ይረሳኛል። አንድ ነገር ሲበላሽ እኔ ወደሚያንባርቀው ማሽን እሮጣለሁ። እሳቸው አይሮጡም። ከመጨረሻው ዕቃ ይነሣሉ፤ እዚያ ይቆማሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ በእግር፣ አንድ በአንድ፣ ማሽን ሳይዘሉ። «ችግሩ የሚጮኸው ጋ አይደለም፤ ዝም ያለው ጋ ነው» ይላሉ። አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። እኔ አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ከዚያ ግን እዚያው ቦታ አምስት ጊዜ እመለሳለሁ።

የቢሮ ባልደረባዬ ኑሪ አብሮኝ መጣ። እሱም ይጫወታል፤ ሮኬት ሦስቴ አስወንጭፌያለሁ እያለ መንገዱን ሙሉ ጉራውን ሲነዛብኝ ነው የመጣነው። ስክሪኑን አየ። «አቦ ይኼን ማን ነው የሠራው?» አለኝ። ወደ ሶፋው ጠቆምኩት። እትዬ ጀማነሽ ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ማለቴ... ይኼ መስመር ለምን እንዲህ ሰፊ ሆነ? መሀሉ ባዶ ነው።»

«ነገ የሚመጣ ማሽን አለ» አሉ ከምስሩ ቀና ሳይሉ። «ሲመጣ የት ልታደርገው ነው?»

ኑሪ ቤቱ ሄዶ የራሱን ፋብሪካ እንደ አዲስ ሊሠራው እንዳፈረሰው ደውሎ ነገረኝ። ኮራሁ። በሰው እናት እንዲህ ይኮራል?

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ

ገና። ዶሮ። ከምሳ በኋላ ሦስታችንም ትንሿ ክፍል ገባን። ቅድስት ስለ ጌም አንድ ነገር ሳይገባት ሁለት ሰዓት እናቷን ስታይ ቆየች። ማታ ጌሙን ሴቭ አደረግኩት።

ጥር 15፣ ሐሙስ

መናደድ ይሁን መሳቅ ያለብኝ አላውቅም።

እትዬ ጀማነሽ ቀን ቀን ብቻቸውን ይጫወታሉ፤ እኔ ቢሮ ስሄድ ኮምፒውተሩን ከፍቼላቸው ነው የምወጣው። ዛሬ ቂርቆስ ነው። የሰፈሩ ታቦት፤ ያለ እሳቸው ነግሦ አያውቅም። ማልደው ሄዱ። ማታ ስገባ ስክሪኑ ላይ የለም። ማለቴ፣ ፋብሪካው የለም። ዙሪያውን ያጠርነው ግንብ ፈርሷል፣ ተኳሽ መሣሪያዎቹ ተነቅለዋል፣ ተናካሾቹ መሀል መስመሩ ላይ እንደ ገበያ ይተራመሳሉ።

ነጠላቸውን ሳያወልቁ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ምን ሆነ እትዬ?»

«መብራቱን አጥፍቼ ነው የሄድኩት።»

«የኮምፒውተሩን?»

«የፋብሪካውን። ለቂርቆስ ማሽን ይሠራል እንዴ? እኛ ዋዜማውን ዘግተን፣ ዘይት ቀብተን ነበር የምንወጣው።»

ዋናውን ማጥፊያ ተጭነው ነው የሄዱት። ግንቡን የሚጠብቁት መሣሪያዎች ደግሞ በመብራት ነው የሚተኩሱት።

«ኮምፒውተሩን ራሱን ቢያጠፉት እኮ ሁሉም ባለበት ይቆም ነበር» አልኩ።

«ኮምፒውተሩማ ያንተ ነው» አሉ። «በእኔ እጅ የተሰጠው ፋብሪካው ነው። የሰው ዕቃ እንዴት አጠፋለሁ?»

ጌሙ በራሱ ሴቭ ያደረጋቸው ሁሉ ከፈረሰ በኋላ ያሉት ናቸው። «የገና ቀን ያስቀመጥኩት አለ፣ ወደዚያ እንመለስ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የፈረሰውን እንዳልፈረሰ? አይሆንም ልጄ።» ሶፋቸው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ቲቪውን ከፈቱ። ድምፅ የለም።

ጥር 16፣ ዓርብ

ማታ ቅድስትን ሲጠይቋት ሰማሁ። «ቁልፉ መቼ ነው ያሉት? ቶሎ ቢሰጡኝ... እኔ ለሰው ቤት አልሆንም፤ ያልሆነ ነገር እነካለሁ።»

ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት እርምጃ ገብቼ «ይኼ የሰው ቤት አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ለምን ዝም አልኩ? ውኃ ጠጥቼ ተኛሁ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ብቻዬን ልጠግን ሞከርኩ። ሰሜኑን ስደፍን ምሥራቁን ይንዱታል። ምሥራቁን ስደፍን የያዝኩት ጠመንጃ ጥይት አለቀ። ሦስት ጊዜ ሞትኩ።

አራተኛው ላይ እትዬ ጀማነሽ ገቡ። እጃቸው ላይ የቅድስት የድሮ ደብተር፤ በእርሳስ ተሥሎበታል። መስመሩ፣ ግንቡ፣ መብራቱ ሁሉ። ሌሊቱን አልተኙም ማለት ነው።

«ተነሣ እስቲ» አሉኝ።

ተነሣሁ። መጀመሪያ ያደረጉት ግንቡን መጠገን አልነበረም። ለመሣሪያዎቹ ለብቻቸው የሆነ የመብራት መስመር ዘረጉ፤ ከፋብሪካው ጋ አይገናኝም፣ ዋናውን ማጥፊያ ቢጫኑትም አይጠፋም። «ዘበኛ በዓል የለውም» አሉ። «ዘንግቼው ነው። እኛ ፋብሪካ ዘበኛው አያ ደጋጋ የፋሲካ ለት እንኳ በር ላይ ነበር፤ እኛው ነበርን ምሳ የምንወስድለት።»

ከዚያ ግንቡ። ከዚያ ከመጨረሻው ወደ ኋላ፣ አንድ በአንድ። ስድስት ሰዓት ተኩል። ምሳ ሳህን ላይ አቀረብኩላቸው፤ በግራ እጃቸው ማውስ ይዘው በቀኛቸው በሉ። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው በቅርቡ ፈርሷል፤ ይኼኛው ደግሞ ከትናንት ወዲያ። አንድ ቃል ሳያማርሩ መሠረት ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። በግልጽ ልጻፈው፦ አደንቃቸዋለሁ፤ ወድጃቸዋለሁም።

ለራሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሮኬቱ አለቀ። ነጭ፣ ረጅም፣ መሀል ፋብሪካው ላይ ቆሟል። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት።

«እትዬ፣ ይጫኑት። የእርስዎ ነው።»

እጃቸው ማውሱ ላይ ነበር። «ስጫነው ምን ይሆናል?»

«ይነሣል። ፕላኔቷን ለቀን እንወጣለን። አሸነፍን ማለት ነው።»

«ፋብሪካውስ?»

«እዚያው ይቀራል።»

እጃቸውን ከማውሱ አነሡ። ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩ... መስመሮቹን፣ መብራቱን፣ ግንቡን።

«ደግሞ ልንለቅ?» አሉ። «ይኼን ሁሉ ሠርተን?»

«አይ... የግድ አይደለም» አልኩ። «ይቆይ በቃ» አሉና ተነሡ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅድስትን ጠዋት ቀሰቀስኳት። «ይኑሩ» አልኳት። «ለዘለቄታው።» አቀፈችኝ። ትነግራቸው እንደሆን ስጠይቃት ግን እምቢ አለች።

«አንተ ንገራት። ከእኔ ከሰማች ልጄ ለምናው ነው እንጂ እሱ ፈልጎ አይደለም ነው የምትለው። አንድ ቀን እዚህ አትውልም።»

እውነቷን ነው። የካዛንቺስ ሴት ማንም ላይ ሸክም አትሆንም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ተደወለ። የሚቀጥለው ሳምንት ቁልፍ ይሰጣል። እትዬ ጀማነሽ ሻንጣቸውን ከሶፋው ጀርባ አውጥተው እያጠፉ ይከትታሉ። ስገባ «እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው። እንኳን ደስ ያለዎት! ምላሴን በቆረጠው። ታክሲ ውስጥ ከኦሎምፒያ እስከ መስቀል ፍላወር «እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» እያልኩ ስለማመድ መጥቼ...

በቃል አልሆነልኝም። በሌላ መንገድ ልሞክር?

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

እትዬ ጀማነሽ የድሮ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ጃለኔን ሊጠይቁ ማልደው ወጡ። ቅድስት ፈረቃ ላይ ናት። ኑሪን ጠራሁት። ጠረጴዛውን፣ ኮምፒውተሩን፣ ወንበሮቹን ሳሎን አወጣን። አልጋ ገዝቼ ነበር፤ ትንሿ ክፍል ውስጥ ገጣጠምነው። ሻንጣቸውን አልጋው እግር ሥር አስቀመጥኩ። ኑሪ «በል ቻው፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ራስህ ተወጣው» ብሎ ሸሸ።

አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ሶፋው ጀርባ ሻንጣው የለም። አዩኝ። የትንሿን ክፍል በር ከፈትኩላቸው። ቆመው አዩ... አልጋውን፣ ሻንጣውን፣ ጠረጴዛው የነበረበትን ግድግዳ።

«ይኼ የኮምፒውተርህ ቤት አይደል?»

«ነበር። እትዬ... ቅድስት አይደለችም ያለችኝ። እኔ ነኝ። እንዲሄዱ አልፈልግም።» ተለማምጄው የነበረው ሁሉ ጠፋብኝ፤ የወጣው ይኼ ነው።

«ምትክ ቤቱስ?»

«የእርስዎ ነው። ይቆለፍ። መሄድ ያሰኝዎ ቀን ይሄዳሉ፤ እስከዚያ ግን እዚህ።»

ፊታቸውን አዙረው ሳሎኑን ያዩ ጀመር። እሺ ይላሉ? ይቆጣሉ? ነጠላቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉ።

«ጠረጴዛውን ምን ብለህ ነው እዚህ ያኖርከው?» አሉ። «ገመዱ መንገድ ላይ ነው፣ ሰው ይጠለፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ነው የምትወድቀው። ያዝ በዚያ በኩል።»

ያዝኩ። ወደ ጥግ ገፋነው። አላማራቸውም፤ እንደገና ገፋነው። ሶፋውንም አዞርነው። ከዚያ ምንጣፉን። ቅድስት ከሥራ ስትገባ ሳሎኑ ሌላ ቤት ሆኖ፣ እናቷን ወገባቸውን ይዘው መሀል ላይ ቆመው አገኘቻቸው። አንዱን አይታ አንዱን አየች፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቁጭ አለች።

እትዬ ጀማነሽ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ኮምፒውተሩን ራሳቸው ከፈቱት። ሮኬቱ ከሳምንት በፊት በቆመበት አለ።

«አሁን ይሂድ» አሉና ተጫኑት።

ጢሱ ስክሪኑን ሞላው። ተነሣ፣ ጠበበ፣ ጠፋ። ሦስታችንም እስኪጠፋ አየነው። አሸንፋችኋል የሚል ጽሑፍ መጣ፤ መቀጠል ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። «ቀጥል በለው» አሉኝ። አልኩት። መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው፣ ይሠራሉ።

«ነገ የምሥራቁን ግንብ እናሰፋለን» አሉ። ተነሡ፣ ደህና እደሩ አሉንና ወደ ክፍላቸው ገቡ።