አራት ቀን ሲያሰላ የቆየው ኮምፒውተር
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ዱሃይል፣ ዓረብ አገር

ጠዋት እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! የማዳም ልጅ ኑራ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዷ በፊት ኮምፒውተሯን አሳየችኝ። ለማስተርሷ የስኳር በሽተኞችን ጂን ማስላት ከጀመረ አራት ቀኑ ነው፤ ዛሬ ይጨርሳል። «ኻልቲ፣ አክስቴ፣ አደራ እንዳይጠፋ! የማምነው አንቺን ብቻ ነው» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። እንደ ወለድኳት ኮራሁባት።

ከሰዓት ማዳም «ያላ፣ እንግዳ እየመጣ ነው፣ የኑራን ክፍል ጥረጊ!» አለችኝ። እኔ ወሬኛዋ፣ ለእህቴ በስልክ ስለ ኑራ ጉብዝና እያወራሁ፣ ሳላየው አንዱን ሶኬት ነቅዬ የመጥረጊያውን ማሽን ሰካሁ። ቀና ስል ስክሪኑ ጨልሟል። ደንግጬ መልሼ ሰክቼ ባበራው ፓስወርድ ጠየቀኝ። ኸላስ፣ የአራት ቀኑ ሥራ ጠፋ ማለት ነው።

ቢያባርሩኝስ? ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእነሱ እጅ ነው። ከሁሉ የባሰ የሚያስፈራኝ ግን ያ «የማምነው» ያለችው ነው። አገሬ ብሆን «መብራት ሄዶ ነው» ብል ማንም አይጠረጥረኝም። እዚህ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ መብራት አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አያውቅም።

የኑራ መኪና ግቢ ገባች። ደረጃው ላይ ሳትደርስ ወርጄ፣ እኔ ነኝ ልበላት…