ባለቤቴ ከእኔ አስበልጣ ስለምታምናቸው የዕዳ አማካሪ

ለተከበሩ ወይዘሮ ሳስኪያ ሆፍማን፣
የከተማችን የዕዳ ማቃለያ ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ ሁልጊዜ ወረፋ የሚያስጠብቀው የቢሮዎ ስልክም በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ከዕዳ ነፃ ልወጣ አንድ ወር ቀርቶኛል፤ ከቅናት ግን ገና አልወጣሁም።

ቢሮዎ አቶ ዊብረንን ከመደበልን ወዲህ የእኔም የባለቤቴ የሂልከም ደመወዝ በእሳቸው እጅ ይገባል፤ የቤት ኪራዩንና አበዳሪዎቹን እሳቸው ይከፍላሉ፤ ለእኛም በየሰኞው የአስቤዛ ይሰፍሩልናል። ሥራቸውን በሚገባ በመሥራታቸው አመሰግናለሁ። አቤቱታዬም ከሚገባው በላይ ስለሠሩት ነው።

አንደኛ፣ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ባለቤቴ «ዳውዌ፣ ምን ይሻላል?» ብላኝ አታውቅም። አሁን ግን የልጃችን የኒንከ ጫማ ሲቀደድ «ቆይ፣ ዊብረንን ልጠይቀው» ትላለች። ስልክ ሲደውሉላት ወደ ኩሽና ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ከዚያ ሳቋ ይሰማኛል። ስለ ጋዝ ክፍያ ሲነጋገሩ ምን እንደሚያስቅ ቢሮዎ በጽሑፍ ቢያስረዳኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሁለተኛ፣ እንደሚያውቁት በእኛ አገር የልደት ቀን መቁጠሪያ የሚሰቀለው ሽንት ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ የሚጻፈውም የሥጋ ዘመድና የልብ ወዳጅ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ማለዳ ተቀምጬ ቀና ብል፣ በባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ «ዊብረን» የሚል ስም ከእናቴ ስም በላይ ሰፍሮ አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሆዴ እንኳ እንደ ልቤ አልሆነልኝም። ምን ማለት ነው ብላት «ልደቱን የሚያስታውስለት ሰው የለም፣ አሳዘነኝ» አለችኝ። የሚያሳዝነውስ እዚሁ ቤት ነበር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል። ዕዳው አልቆ፣ ደመወዛችን ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ እንደ ባልና ሚስት ልንመካከር ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ሂልከ አቶ ዊብረን አንድ ዓመት ይቀጥሉልን ብላ በገዛ ፈቃዷ አመለከተች። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። ምነው ምን በደልኩሽ ስላት እንዲህ አለችኝ፦ «ዊብረን ገንዘብ ሲያልቅ ‹የለም› ይለኛል። አንተ መብራት ሊቆርጡ በራችንን ሲያንኳኩ እንኳ ‹አለ፣ አታስቢ› ነበር የምትለኝ። ‹የለም› ያልከኝ ቀን አንተን እጠይቃለሁ።»

እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ እኔ ያለኝንም የሌለኝንም ስሰጣት ኖሬ፣ በዱቤ በመኪና የሚጎተት የሽርሽር ቤት፣ ካራቫን ሳይቀር ገዝቼላት፣ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፤ እሳቸው «የለም» ብለው ልቧን ወሰዱት። የእምቢታ ቃል እንዲህ እንደሚወደድ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ያን ሁሉ ብድር ምን አስፈረመኝ! ቀንቻለሁ፣ አልደብቅም፤ አንጀቴ አሯል።

ስለዚህ አቶ ዊብረንን ቢቻል ወደ ሌላ ከተማ፣ ባይቻል ስልክ ወደማይገባበት ክፍል እንዲያዛውሩልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከፍ ካለ አክብሮቴና ዝቅ ካለ ትዕግሥቴ ጋር፣
በገዛ ቤቱ ሁለተኛ ተጠሪ የሆነው፣
ዳውዌ ቦንስትራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ሂልከ ከሥራ ገባችና ለኒንከ የትምህርት ቤት ጉዞ የሚሆን ነገር እጅህ ላይ አለ ወይ አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው «አለ» ነበር። ዋጥ አደረግሁትና «የለም» አልኳት። ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከየት እናምጣው እየተባባልን አመሸን። የሂልከ ማመልከቻ ሳልፈርምበት ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እሷም እስካሁን ፈርም አላለችኝም። አደራዎን፣ «የለም» ማለቴን ለአቶ ዊብረን አይንገሩብኝ፤ አለዚያ ቢሮዎ እንደ ልማዱ የራሱ የሥራ ውጤት አድርጎ በዓመታዊ ሪፖርቱ ያወጣዋል።